ውቢት የአማቷን ስም ሳትጠራ

ውቢት ረታች። ባለፈው እሁድ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ፣ የሰፈሩ አባወራ በሙሉ በተቀመጠበት፣ የባሏን አባት ከሳ ረታቻቸው፤ ያውም ስማቸውን አንድም ጊዜ ሳትጠራ፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታያቸው። ዘዴውን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ሰፊያ ረሺድ፣ የአሥረኛ ክፍሏ። በቃ፣ ወጣልኝ። ከመጀመሪያው በሥርዓት ልተርክላችሁ ነበር ሀሳቤ፣ ግን ከእሁድ ጀምሮ እንደ ወተት ሊገነፍልብኝ ነው። ትናንት ደግሞ በላዩ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረበትና ለሰው ካልነገርኩ የምተርፍ አይመስለኝም።

እሺ፣ አሁን ቀስ ብዬ።

መናኸሪያው ፊት ለፊት የሰፈራችን እድር ድንኳኑንና ብረት ድስቶቹን የሚያስቀምጥበት ቤት አለ። በረንዳው ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፣ እኛ የምንሠራው እሱ ላይ ነው። እናንተ ደግሞ ማን ናችሁ ካላችሁ፣ ምክር ሰጪዎች ነን። በነፃ። ሰው ከቀበሌ ወረቀት ይመጣለታል፣ ምን እንደሚል አይገባውም። ወይ ጎረቤቱ አጥሩን ገፍቶበታል፣ የት ሄዶ አቤት እንደሚል አያውቅም። ወይ ልጁ አዲስ አበባ ታሞ ተኝቷል፣ የይለፍ ወረቀት ከየትኛው ቢሮ እንደሚያወጣ ግራ ገብቶታል። መጥቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣ እናዳምጠዋለን፣ እንዲህ አድርግ እንለዋለን። ሥራው ይኸው ነው፣ ግን እንዴት እንደሚጥም አትጠይቁኝ። የከተማው ጉድ በሙሉ በኛ በኩል ነው የሚያልፈው። ለማንም አይወራም ተብሏል፣ እኔም አላወራም። የውቢትን ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው ስላየው ችግር የለውም።

ነገሩን የጀመሩት ጋሽ ወልደ ሰንበት ናቸው። ፍርድ ቤት ስንት ዓመት በሬጅስትራርነት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ቤት መዋል አቃታቸው። ባለቤታቸው እትዬ ከበቡሽ ግን፣ “ምን ያቅተዋል፣ እኔ ነኝ ያባረርኩት” ይላሉ። ባባረሯቸው በሳምንቱ ደግሞ ራሳቸው ተከትለዋቸው መጡ፤ ይኸው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሹራብ እየሠሩ ያልተጠየቁትን ምክር ይሰጣሉ። ሁለቱም ከመንዝ ናቸው። ሆሳዕና ከገቡ ስንት ዘመናቸው፣ ግን ሀድይኛም ሆነ ከምባትኛ ከሰላምታ አያልፍላቸውም። እኔ የገባሁት እዚህ ላይ ነው። አባቴ የሆሳዕና ሀድያ ነው፣ እናቴ የዱራሜ ከምባታ ናት፣ አማርኛውን ደግሞ ሰፈሩና ትምህርት ቤቱ ሰጡኝ። ሦስቱንም እንደ ዝናብ ነው የማወርደው። ጋሽ ወልደ ሰንበት አባዬ ሱቅ መጥተው፣ “ረሺድ፣ ይቺን ምላሳም ልጅህን ለበጎ ሥራ አበድረኝ” አሉት።

አባዬም፣ “ይውሰዱልኝ። ደንበኛውን በወሬ ልትጨርስብኝ ነው” አላቸው።

ተበደርኩ።

ውቢት የመጣችው በገበያ ቀን ነው። እኔ አውቃታለሁ፣ መናኸሪያ የረገጠ ሰው በሙሉ ያውቃታል። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ከባሏ ቤተሰቦች ግቢ ጋር የተያያዘች አንዲት ክፍል ሻይ ቤት ነበረቻት። የሀደሮ ልጅ ናት። ባሏ ወንጂ ሸንኮራ ቆረጣ ሄዶ እዚያው ቀርቷል፣ ልጆቿን በሻይና በቦንቦሊኖ ነው የምታሳድገው። ወዛደሮቹ ሻይ ቤቷን “ሂልተን” ነው የሚሏት፤ አራት ሰው ከገባ አምስተኛው ብርጭቆውን ይዞ ውጪ ነው የሚጠጣው። በዚያ ሰሞን ግን በሩ ላይ የበግ ጭንቅላት የሚያህል ቁልፍ ተንጠልጥሎበት፣ ወዛደሮቹ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ቁልፉን አይተው ይመለሱ ነበር።

አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ወደ ፊት ሳብ አድርጋ። ከምባትኛ ነው የምታወራው፣ እኔ አስተረጉማለሁ።

ጋሽ ወልደ ሰንበት፣ “ማን ነው የቆለፈብሽ?” አሏት።

“እሳቸው።”

“እሳቸው ማን?”

“የልጆቼ አባት አባት።”

“ስማቸው ማን ይባላል?”

ዝም። እኔ ያልሰማች መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኳት። መሬቱን ታያለች። ሦስተኛ ስጠይቃት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ጋሽ ወልደ ሰንበት ወደኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ “ፈርታለች። አይዞሽ፣ ማንም አይነካሽም በያት” አሉኝ።

አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ “ብፈራ ኖሮ እዚህ ምን አመጣኝ?” አለችኝ።

እትዬ ከበቡሽ ሹራባቸውን ሳይለቁ፣ “ረስታው ይሆናላ” አሉ። “እኔስ የወልደ ሰንበትን አባት ስም የማስታውሰው ተዝካር ሲደርስ አይደል።”

“ከበቡሽ፣ አንቺ ሹራብሽን ሥሪ።”

“እየሠራሁ ነው። አፌ ሥራ ፈትቶ ነው።”

እየቆየች ነገሩን ዘረዘረችልን። ሰውየው ትንሹን ልጃቸውን ሊድሩ ነው። የልጅቷ ወላጆች ደግሞ ቤት የሌለው ልጅ ልጃችንን አያገባም ብለዋል። ስለዚህ እሷ ቦንቦሊኖ ልትሸጥ ገበያ በወጣችበት፣ ብርጭቆውንና ማንቆርቆሪያውን ሰብስበው ደጅ አስቀምጠው ቆለፉት። “ቤቱ የልጄ ነው፣ የልጄ ከሆነ ለወንድሙ ይሆናል” አሉ። እሷም ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ሄደች። እዚያ ነው ነገሩ የተበላሸው።

የኛ ቀበሌ ሊቀመንበር ጓድ ወንዳፈረው ይባላሉ፣ ከሰሜን ተመድበው የመጡ፣ ጥሩ ሰው ናቸው ግን ደንብ ሲወዱ ለጉድ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ደጅ ለተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ከፍለው ማመልከቻ ያስጽፋሉ፤ ጸሐፊው የሰማውን ሳይሆን የመሰለውን ይጽፋል፤ ሽማግሌው ሸንጎ ሲቀርቡ የገዛ ወንድማቸውን ከሰው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ጓድ ወንዳፈረው ወረቀት አልቀበልም አሉ። ከሳሽ መጥቶ ተከሳሹን በገዛ አፉ ማሳወቅ አለበት፣ ሌላ ሰውም አይናገርለትም። ውቢት ደግሞ ቀርባ ማንን ነው የከሰስሽው ስትባል ዝም። ጓድ ወንዳፈረው ያሾፈችባቸው መሰላቸው። “በሚቀጥለው ስብሰባ ካልተናገርሽ መዝገቡን እዘጋዋለሁ” አሏት። ሰውየው እዚያው ተቀምጠው ፂማቸውን እያሻሹ ነበር አሉ። ክሱ ከተዘጋ ደግሞ ሠርጉ ደረሰ፣ ሙሽራው ይገባበታል፣ ሙሽራ ከገባበት ቤት ማን ያስወጣል። ሻይ ቤቱ አለቀለት ማለት ነው።

ማታ ራት ላይ ለእማዬ ነገርኳት። ለማንም አይወራም የተባለው እናትን አይጨምርም መቼም። እማዬ ሳቋ መጣ።

“አንቺ ልጅ፣ ከምባታ አይደለሽም እንዴ? ባሊሻ ነው እኮ።”

“ምንድን ነው እሱ?”

“ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፣ የእናቱንም። ስሙን ብቻ አይደለም፣ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ ካለ ታልፈዋለች። ፊታቸውንም ትኩር ብላ አታይም። ክብር ነው። ሰው በተሰበሰበበት የአማቷን ስም ብትጠራ፣ ቤቱን ብታገኝ እንኳ ማን እሷ ጋ ሻይ ይጠጣል?”

“በጣቷስ ብትጠቁም?”

“ጣት? አማቷ ላይ?” እማዬ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰችው። “ከሱስ ስሙን ብትጠራ ይሻላል።”

ከዚያ ያልሰማሁትን ነገረችኝ። እኔን አንደኛ ክፍል ልታስመዘግብ ስትወስደኝ ጸሐፊው፣ “የልጅቷ ስም?” አላት፣ ሰፊያ አለች። “የአባት?” ረሺድ አለች። “የአያት?” ዝም። ጸሐፊው ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ አያት የላትም እንዴ አላት። እማዬ ወጥታ በሩ ላይ ጫማ የሚሰፋውን ሰውዬ፣ “ና እባክህ የዚችን ልጅ አያት ስም ንገርልኝ” ብላ እጁን ይዛ አስገባችው። “ሰውየው ተሳስቶ የራሱን አባት ስም ነግሮት ቢሆን እስከ ዛሬ የሱ ልጅ ነበርሽ” አለችኝ። አያቴን ሁሌም “ትልቁ ሰውዬ” ስትላቸው እሰማ ነበር፣ ወላሂ አንድም ቀን ለምን ብዬ አላውቅም።

አባዬ እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ይበላ ነበር። “ስለ ስም አታንሱብኝ” አለ።

ምክንያቱን እኛ እናውቃለን፣ እናንተ ግን አታውቁም። ቀበሌው በወር አንድ እሁድ ስብሰባ አለው፣ መጀመሪያ ስም ጥሪ ነው። የቀረ ሰው የወሩን ስኳር ከኅብረት ሱቅ አያገኝም። አባዬ ባለፈው ወር ሄዷል፣ ተቀምጧል፣ ግን አጠገቡ ካለ ሰው ጋር ስለ ጨው ሲያወራ ስሙ ተጠርቶ አለፈው።

“ሊቀመንበሩ በዓይናቸው እያዩኝ እኮ ነው። ተነሥቼ እጄን እያወዛወዝኩ፣ ይኸው ነኝ ጓድ እላለሁ። ‘አለሁ ያላለ ሰው የለም ማለት ነው’ አሉኝ።”

“በጨው ወሬ ስኳር አጣን” አለች እማዬ።

እኔ ግን ሁለቱንም አልሰማኋቸውም። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ ብሏል። ከቤቱ ሮጬ ልወጣ ስል አባዬ በቀሚሴ ጎትቶ አስቀመጠኝ፣ ነገ ይደርሳል ብሎ። እንዴት እንዳደርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጠዋት ለጋሽ ወልደ ሰንበት ስነግራቸው መነፅራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። መልሰው አደረጉት። ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። እትዬ ከበቡሽ፣ “ምን አለችህ? ምን አለችህ?” እያሉ ሹራቡ ተተረተረባቸው። ውቢትን አስጠራናት። ጋሽ ወልደ ሰንበት ሁልጊዜ እንደሚሉት፣ እኛ እንመክራለን እንጂ አንወስንም። ስለዚህ ነገርናትና ለሷ ተውነው። ብዙ አሰበች።

“ስማቸውን አልጠራም?” አለችኝ።

“አትጠሪም።”

“አልጠቁምም?”

“ፊትሽን ወደ ግድግዳው ማዞር ትችያለሽ።”

“እንግዲያው አፌ ምን ቸገረው፣ ይናገራል” አለች።

እሁድ ደረሰ። እኔ አባወራ ስላልሆንኩ ስብሰባ ላይ ቦታ የለኝም፣ ግን ለከምባትኛ አስተርጓሚ ትግባ ብለው ጋሽ ወልደ ሰንበት አስፈቀዱልኝ። አዳራሹ ሙሉ ነው። እትዬ ከበቡሽ በመስኮት ናቸው። የውቢት አማት አቶ ኤርጫፎ ከኋላ ረድፍ፣ ከነባርኔጣቸው። ረጅም ሰው ናቸው፣ ተቀምጠው እንኳ ከሁሉም ይታያሉ። ፂማቸውን እያሻሹ ነው።

ጓድ ወንዳፈረው ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው፣ “ከስብሰባው በፊት ያደረ ጉዳይ አለ። ጓዲት ውቢት፣ ዛሬስ ተከሳሹን ታሳውቂናለሽ?” አሏት።

ውቢት ፊት ለፊት ሄዳ ቆመች፣ ጀርባዋን ለሕዝቡ፣ ፊቷን ለጠረጴዛው። “አሳውቃለሁ። ግን ስም ጥሪው ይቅደምልኝ” አለች፣ እኔ በአማርኛ ደገምኩላት።

ጓድ ወንዳፈረው ግራ ገባቸው። “ስም ጥሪው ካንቺ ክስ ጋር ምን አገናኘው?”

ጋሽ ወልደ ሰንበት ከጎን ተነሥተው፣ “ጓድ ሊቀመንበር፣ መቼም መጠራቱ አይቀር። ቢቀድም ምን ይጎዳል?” አሉ።

“ምንም አይጎዳም” አሉ ጓድ ወንዳፈረው። የቀበሌው ጸሐፊ መጥራት ጀመረ።

እንግዲህ ይሄን ማየት ነበረባችሁ። መጀመሪያ ላይ ሰው እንደ ወትሮው “አለሁ” “አለሁ” ይላል። አራት አምስት ሰው እንደተጠራ አንዱ ወዛደር ለጓደኛው ጮክ ብሎ፣ “ውቢት የምትከሰውን ከዚህ መሀል ልትለቅም ነው አሉ” አለው። አበቃ። ከዚያ በኋላ ስሙ የተጠራ ሰው በሙሉ መጀመሪያ የውቢትን ጀርባ ያያል፣ ምራቁን ይውጣል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ “አለሁ” ይላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁሉም ሰው የሆነ ነገር ሠርቷል። አንዱማ “አለሁ፣ ግን የሻይ ሒሳቤን ነገ እከፍላለሁ” አለ። አባዬ ደግሞ ገና “ረ” ከማለቱ “አለሁ” ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ያ ሁሉ ሰው ሳቀበት።

“ኤርጫፎ” አለ ጸሐፊው።

ዝም።

እሳቸው ገብቷቸዋል። ሞኝ ሰው አይደሉም። ባርኔጣቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

“ኤርጫፎ።”

ዝም። አጠገባቸው ያለው ሰው በክርኑ ነካ አደረጋቸው። ጣሪያውን እያዩ ነው፣ ከቆርቆሮው ምን እንዳገኙ እንጃ። ውቢት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ እያየች ነው፣ አልዞረችም። እኔ ደግሞ ጥፍሬን ጨርሼዋለሁ። ዝም ብለው ቢወጡስ? ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ስኳር ምን ያደርግልኛል ቢሉስ? መዝገቡ ሊዘጋ ነው፣ በኔ ዘዴ ሊዘጋ ነው።

ጸሐፊው ለሦስተኛ ጊዜ ጠራ። ጓድ ወንዳፈረው ቀና ብለው አዩዋቸው፣ አዩዋቸው፣ ከዚያ ልክ ለአባዬ እንዳሉት፣ “አለሁ ያላለ የለም። ቀሪ በለው። የወሩ ስኳር ይያዝ” አሉ።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሣ።

ከኋላ በኩል አንድ ትልቅ ትንፋሽ ተሰማ። ቀጥሎ፣ ሠርግ ሊደግሱ ያሰቡ ሰው፣ ስኳር የሚያስፈልጋቸው ሰው፣ እንደ በሬ፣ “ኧረ አለሁ” አሉ።

ውቢት ሳትዞር፣ ዓይኗን ከሰሌዳው ላይ ሳትነቅል፣ “የከሰስኩት አሁን አለሁ ያሉትን አባት ነው” አለች። በአማርኛ ነው ያለችው። ለካ ሌሊቱን ሙሉ ስታጠናው አድራለች፤ አስተርጓሚዋ እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

አዳራሹ ፈረሰ ማለት ይቻላል። ወዛደሮቹ አግዳሚውን ይደበድባሉ። እትዬ ከበቡሽ መስኮቱ ላይ እልልታ ሊጀምሩ ሲሉ ጋሽ ወልደ ሰንበት በዓይናቸው አስቆሟቸው። አቶ ኤርጫፎ ተነሥተው፣ “ይሄ ክስ አይደለም፣ ስሜን አልጠራችም” አሉ።

ጓድ ወንዳፈረው እየሳቁ ነው፣ ግን ሳቃቸውን በወረቀት ሸፍነዋል። “በገዛ አፏ አሳወቀች አይደል? ሁላችንም አወቅንዎት አይደል? እንግዲህ ይቅረቡ።”

አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከፊት ረድፍ፣ “ኤርጫፎ፣ እኔ አንተን ብሆን ቁልፉን አሁኑኑ ነበር የምሰጣት” አሉ። “ስትከስህ እንኳ አክብራሃለች። የኔዋ ምራት ሰላምታ ስትሰጠኝ እንዲህ አታከብረኝም።”

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ወዛደሮቹ ምስክር ሆኑ። አንዱ፣ “ቤቱን ስትሠራ፣ ጭቃውን ስትረግጥ ውሃ የቀዳሁላት እኔ ነኝ፣ የተከፈለኝም በሻይ ነው” አለ። ሌላው፣ “እኔ አልቀዳሁም፣ ግን ሻዩን ጠጥቻለሁ” አለ። ግድግዳውን የመረገችው፣ በሩን ያሠራችው፣ ሁሉንም ያደረገችው እሷ መሆኗ ታወቀ። ሸንጎው ቁልፉ ዛሬውኑ ይመለስላት፣ ያልተስማማ ይግባኝ ይበል ብሎ ወሰነ። አቶ ኤርጫፎ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ማንንም ሳያዩ ወጡ።

ያን ቀን ሂልተን ሰው አልቻለችም። ውቢት ሻዩን በነፃ ነው ያለችው። እኔ ብቻ አራት ብርጭቆ ጠጥቻለሁ። ወዛደሮቹ እንደ ሚኒስትር እጄን እየጨበጡኝ፣ “ጠበቃችን፣ እኔንም ሚስቴ ስትከሰኝ ትይዢልኛለሽ?” ይሉኛል። እሷ መጥታ ጭንቅላቴን ሳመችኝ። እኔ ደግሞ፣ ልዋሽ አልፈልግም፣ ሰኞ ትምህርት ቤት የሄድኩት እንደ ሙሽራ እየተራመድኩ ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ጥሩ ነበር።

ጋሽ ወልደ ሰንበት ማክሰኞ ዓይናቸውን ሊታዩ አዲስ አበባ ሄዱ። እትዬ ከበቡሽም አብረው፤ “ብቻውን ከሄደ የሌላ ሰው መነፅር አድርጎ ነው የሚመጣው” ብለው። የሚመለሱት ወሩ ካለቀ በኋላ ነው። ትናንት ከትምህርት ቤት መጥቼ አግዳሚው ላይ ብቻዬን ተቀምጫለሁ፣ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው፣ እግሬን አነባብሬ። አንድ ረጅም ጥላ መጣ።

አቶ ኤርጫፎ ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘውታል። ያለ ባርኔጣ ሽማግሌ ናቸው ለካ።

ተቀመጡ። በከምባትኛ፣ “ልጄ፣ ያንን ዘዴ ያወጣሽው አንቺ ነሽ አሉኝ” አሉኝ።

መካድ አልቻልኩም። “አዎ” አልኩ።

“ጎበዝ ነሽ። እንግዲህ ለኔም አውጪልኝ።”

“ምን?”

“ይግባኝ እላለሁ። አማርኛዬ ከስብሰባ አያልፍም፣ እነዚያ ራፖር ጸሐፊዎች ደግሞ ያላልኩትን ይጽፋሉ። እዚህ በነፃ ነው፣ መጥቶ የተቀመጠ ሳይመከር አይነሣም ብለው ወልደ ሰንበት ራሳቸው ነግረውኛል። ይኸው ተቀመጥኩ።”

እውነት ነው፣ ጋሽ ወልደ ሰንበት እንደሱ ነው የሚሉት። ሌባም ቢመጣ ይመከራል ይላሉ። እኔ ሻይ ይጠጣሉ አልኳቸው፣ ሻይ እኮ ያለው ውቢት ጋ ነው። አየት አደረጉኝ፣ ትንሽ ፈገግ ያሉ መሰለኝ።

“ክፉ አይደለሁም። ትንሹ ልጄ እስከ ዛሬ እኔ ጋ ነው የሚያድረው፣ ልጅቷ ቤት ከሌለው አትመጣም። የሱንስ ዕድል ማን ያስብለት?” አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። ልጠላቸው ፈልጌ አቃተኝ፣ በጣም ያናድዳል።

አሁን አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፣ ይቺን እንኳ ለማንም እንዳትነግሩ። ውቢት በዚያ በገበያው ቀን ስታወራን፣ ሻይ ቤቱ የተሠራበትን የባሕር ዛፍ እንጨት በሙሉ ከሀገር ቤት አስቆርጠው አስመጥተው የሰጧት አቶ ኤርጫፎ ናቸው ብላናለች። ማገሩም ቋሚውም የሳቸው ነው። ሸንጎው አልጠየቀም፣ ምስክሮቹ ስለ ጭቃው ብቻ ተናገሩ፣ እሳቸውም አባት ለልጁ የሰጠውን እየቆጠረ አያወራም ብለው ይሆን፣ ረስተውት ይሆን፣ አላነሡትም። ትናንትም አላነሡትም። ላይኛው ሸንጎ ይሄን ቢሰማ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ጋሽ ወልደ ሰንበት ራሳቸው ያኔ ውቢት ከሄደች በኋላ፣ “እንጨቱን ካነሣ ግማሹን ይወስዳል፣ ባያነሣው ይሻላት ነበር” ሲሉ ሰምቻለሁ። ከግማሽ ሂልተን ደግሞ ምን ይተርፋታል፣ ሁለት ሰው ገብቶ ሦስተኛው ደጅ ነው።

ችግሩ፣ አግዳሚው ላይ ለሚቀመጥ የቤት ክርክር ያለበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምንጠይቀው ጥያቄ፣ “ቤቱ ሲሠራ ምን አዋጥተዋል?” የሚለው ነው። ለሁሉም ሰው እንጠይቃለን። ለውቢትም ጠይቀናታል። ብጠይቃቸው እንጨቱ ይወጣል። ባልጠይቃቸው እሳቸውን እየመከርኩ አስመስዬ ባዶ እጃቸውን ልልካቸው ነው፤ አጭበርባሪ ራፖር ጸሐፊ ሆንኩ ማለት ነው፣ ያውም በነፃ። አልመክርዎትም ብላቸው ደግሞ ከምባትኛ የሚችል ሌላ ሰው አግዳሚው ላይ የለም፣ የይግባኙ ቀንም ጋሽ ወልደ ሰንበት ሳይመለሱ ያልፋል። እማዬን ጠየቅኳት፣ “እኔ የአማት ጉዳይ አላወራም” አለችኝና ወጥ ልታማስል ሄደች። አባዬ፣ “እኔን ስለ ስኳር ብቻ ጠይቂኝ” አለ።

ለጊዜው ወረቀት አልቋል ብዬ ቅዳሜ ይምጡ አልኳቸው። እሺ ብለው ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ። በመናኸሪያው በኩል ሲያልፉ ውቢት በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ገና ከሩቅ ስታያቸው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ እሳቸውም መንገዱን ቀየሩላት። ነገ ቅዳሜ ነው። እሳቸው ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ እኔ እስክሪብቶ እይዛለሁ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ያው ጥያቄ ነው። እናንተ ብትሆኑ ትጠይቋቸው ነበር?